ትንሽ ጂኖም፣ ትልቅ ጥያቄ፦ ከከተማ ዳር ሆኖ የኮምፒውቴሽናል ባዮሎጂ ፒኤችዲ ለመጀመር

ማስተርሱን ጨርሶ ባዮሎጂንና ኮምፒውተርን አጣምሬ ፒኤችዲ ልጀምር የሚል ሰው፣ ቤቱ ኮዬ ፈጬ ወይ ቱሉ ዲምቱ ወይ ለገጣፎ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ነገር ሁሌም አንድ ነው። «ሰርቨር የለኝም፣ መብራት ይሄዳል፣ ኔቱም ያው የምታውቂው ነው፤ ይሆናል?»

ይሆናል። ግን ርዕሱን ስትመርጡ መብራቱንና ኔቱን ከግምት ካስገባችሁ ብቻ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያምር ርዕስ ይመርጥና ዳታውን ማውረድ ሲያቅተው ኮምፒውተሩን ይራገማል። እዚህ የምጽፈው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ ካላችሁበት ተነስታችሁ ወደ ጥያቄው። ደረጃዎቹ እኩል አይደሉም፤ አንዳንዱ በአንድ ቀን ያልቃል፣ አንዳንዱ ወራት ይበላል።

1. መጀመሪያ የጂኖሙን መጠን እዩ

ርዕስ ሲመረጥ ማንም የማይነግራችሁ ነገር ይሄ ነው። ጂኖም ማለት የአንድ ፍጡር ሙሉ የዲኤንኤ ጽሑፍ ነው፤ የሰው ጂኖም ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ነው። አንድን ሰው 30 ጊዜ ደጋግሞ ያነበበ ፋይል ተጨምቆም ከ50 ጊጋባይት ይበልጣል። መቶ ሰው ብትፈልጉ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፤ ከዚያ የወር የኔት ጥቅላችሁን ተመልከቱ።

አሁን የቲቢ ባክቴሪያን ውሰዱ። ጂኖሙ 4.4 ሚሊዮን ፊደል ነው። መቶ ጊዜ ደጋግማችሁ ብታነቡት 440 ሚሊዮን ፊደል ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሪድ (ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ቁራጭ) 150 ፊደል ከሆነ ወደ 2.9 ሚሊዮን ሪድ ማለት ነው። ይሄ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። በሌሊት ጥቅል አንድ ማታ ላይ ብዙ ናሙና ይወርዳል። የወባው ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ደግሞ 23 ሚሊዮን ፊደል ነው፤ እሱም በላፕቶፕ የሚቻል ነው።

ትንሽ ጂኖም ማለት ትንሽ ጥያቄ ማለት አይደለም። እንዲያውም እኛ አገር ከባዱ ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። ለምሳሌ የቲቢ ባክቴሪያ የዘር ሐረጎች አሉት፤ ሰባተኛው ሐረግ የሚባለው በዓለም ላይ በዋናነት የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥና ከአፍሪካ ቀንድ በሄዱ ሰዎች ላይ ነው። ለምን እዚህ ቀረ? ለምን እንደ ሌሎቹ ዓለምን አልዞረም?

ወባንም ተመልከቱ። በሰፊው የተለመደው ፈጣን የወባ ምርመራ የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋበት ጥገኛ ተውሳክ ከመጣ ሰውየው በትኩሳት እየነደደ ምርመራው ነጻ ነህ ሊለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ እንዲህ ዓይነት ተውሳክ እንዳለ አሳይቷል። ከየት ተነሳ፣ በየት በኩል እየተስፋፋ ነው የሚለው በአብዛኛው የኮምፒውተር ሥራ ነው።

ጤፍ ልሥራ የምትሉም አላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ሁሉም ሰው ጤፍ ይወዳል። ግን ጤፍ ከ600 ሚሊዮን በላይ ፊደል አለው፤ ላዩ ላይ ደግሞ የሁለት ቅድመ አያት ጂኖም ተደርቦበታል፣ ስለዚህ አንድ ጂን ሁለት በጣም የሚመሳሰሉ ቅጂዎች ሊኖሩት ይችላል። ሪዱ የየትኛው እንደሆነ መለየት ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። አረቢካ ቡናም እንዲሁ። ጠንካራ ሰርቨር ያለው ቡድን ውስጥ ካልገባችሁ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም።

ጥያቄውን ካገኛችሁ በኋላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ መልሱ «አይደለም» ሆኖ ቢገኝ አሁንም የሚጻፍ ነገር አለኝ? ከሌላችሁ ጥያቄውን ቀይሩ።

2. አማካሪ፣ ከተቻለ ሁለት

ይሄ የትምህርት ዘርፍ ሁለት እግር አለው። ባዮሎጂውን የሚያውቀው አማካሪ ብዙ ጊዜ ኮዱን አያይም፣ ኮዱን የሚያውቀው ደግሞ የቲቢ ሕመምተኛ አክታ እንዴት እንደሚሰበሰብ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ዋና፣ አንድ ተባባሪ አማካሪ ይኑራችሁ፤ አንዱ ውጭ አገር ቢሆንም ችግር የለውም።

የት ይገኛሉ? ከተማ ዳር መኖር እዚህ ላይ እንዲያውም ይጠቅማል። ቂሊንጦ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ወደ መሀል ከገባችሁ ደግሞ አለርት ግቢ ውስጥ አርማወር ሃንሰን (አህሪ)፣ ሰፈረ ሰላም አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ጉለሌ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። ፒኤችዲውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ናሙናና ዳታ ያለው ብዙ ጊዜ እነዚህ ተቋማት ጋ ነው፤ ሁለቱን ማገናኘት የእናንተ ሥራ ነው። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን (ጋት) ቀን ከትምህርት ሚኒስቴርና ከዩኒቨርሲቲው ተከታተሉ፤ አማካሪ ፍለጋውን ግን ፈተናው እስኪያልፍ አታቆዩት።

ለአማካሪ ኢሜይል ስትጽፉ አጭር ይሁን። «ክቡር ዶክተር፣ በጥሩ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ» ብላችሁ ግማሽ ገጽ ሰላምታ አታድርጉት፤ ከእሳቸው ሥራ ያነበባችሁትን አንድ ነገር፣ ያላችሁን ጥያቄ በሁለት መስመር፣ የምትችሉትን ነገር በአንድ መስመር። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱ። ከዚያ በአካል ሂዱ፤ እኛ አገር ብዙ ነገር የሚያልቀው ቢሮ በር ላይ ነው።

በአካል ስትገናኙ ደፍራችሁ የምትጠይቋቸው ነገሮች አሉ። ዳታው አሁን በእጅ አለ ወይስ ገና ይሰበሰባል? «በቅርቡ ይመጣል» ከተባላችሁ የለም ብላችሁ ያዙት። ሰርቨር አለ? የይለፍ ቃሉን የሚሰጠው ማነው? ጽሑፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ስም የማን ነው? ይሄን የመጨረሻውን መጠየቅ ድፍረት ይመስላል፤ ግን ሳይጠየቅ ቀርቶ በኋላ ሰዎችን ሲያኮራርፍ አይቻለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት የእሳቸውን ሌሎች ተማሪዎች ቡና ጋብዛችሁ አነጋግሩ፤ እነሱ የሚነግሯችሁ ድረ ገጽ ላይ አይገኝም።

3. ዕቃው

አዲስ ውድ ነገር አያስፈልግም። መገናኛ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ራሙ 16 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑን ብቻ አትልቀቁ፤ ስክሪኑና ውበቱ ለሻጩ ይቅር። ቲቢና ወባ በዚህ ይሠራሉ። የሰው አርኤንኤ ልሥራ ካላችሁ ግን ስታር የሚባለው ማመሳከሪያ ፕሮግራም ብቻውን ወደ 30 ጊጋባይት ራም ስለሚጠይቅ ላፕቶፑን ተዉት።

ኡቡንቱ ጫኑ፣ ወይ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ሊኑክስ ክፈቱ። ፕሮግራሞቹን በየፊናው ከማውረድ ኮንዳ የሚባለውን የፕሮግራም መጫኛ ተጠቀሙ፤ ለአንድ ሥራ አንድ ራሱን የቻለ አካባቢ (ኢንቫይሮመንት)።

ስለ መብራት። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ይሻላል፤ የሚጠፋው ራውተሩ ነው፣ ለእሱ ትንሽ ዩፒኤስ ግዙለት። ከዕቃው በላይ የሚያድናችሁ ግን አሠራር ነው። ፋይል የምታወርዱበት ፕሮግራም ከቆመበት የሚቀጥል ይሁን፤ ከብራውዘር ላይ ተጭናችሁ 3 ጊጋባይት አታውርዱ፣ 2.9 ላይ ይቆምና ከዜሮ ያስጀምራችኋል። ካወረዳችሁ በኋላ ከፋይሉ ጋር የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር አመሳክሩ፤ ግማሽ የወረደ ፋይል ሁልጊዜ ስህተት አያሳይም፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ ግማሽ ውጤት ይሰጣል።

የሥራ ሰንሰለታችሁን ከተቻለ በስኔክሜክ ወይ በኔክስትፍሎው ጻፉት። እነዚህ የትኛው ደረጃ እንዳለቀ ስለሚያውቁ ሌሊት መብራት ሄዶ ጠዋት ሲመጣ መልሳችሁ ስታስነሷቸው ካቆሙበት መቀጠል ይችላሉ። ሩቅ ሰርቨር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቲመክስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱና ሥራውን እዚያ ውስጥ አስነሱት፤ የናንተ ኔት ቢቋረጥም ሰርቨሩ ሥራውን አይጥልም።

ክላውድ ክፍያው በዶላር ስለሆነ እሱን ተስፋ አድርጋችሁ ዕቅድ አትሥሩ። ጋላክሲ የሚባለው ነጻ መድረክ በብራውዘር ያሠራል፤ ከባዱ ሥራ እነሱ ጋ ነው የሚሄደው፣ ለከተማ ዳር ኔት ተስማሚ ነው። ጉግል ኮላብም ለልምምድ ይሆናል፤ ግን ስትዘጉት ፋይሉ ይጠፋል።

4. የጎደላችሁን እግር ሙሉ

ከባዮሎጂ የመጣችሁ፦ መጀመሪያ የሊኑክስ ትእዛዝ፣ ከዚያ ፓይተን ወይም አር። ሁለቱንም አይደለም፣ አንዱን። ሮዛሊንድ የሚባለው የመለማመጃ ገጽ ጥያቄዎቹን በባዮሎጂ መልክ ስለሚያቀርብ አይሰለችም።

ከኮምፒውተር የመጣችሁ፦ ኮዱ አያስቸግራችሁም፣ የሚያስቸግራችሁ ዳታው ከየት እንደመጣ አለማወቅ ነው። ፒሲአር ዲኤንኤን እንዴት ያባዛል፣ የሲኩዌንሲንግ (የዲኤንኤ ማንበቢያ) ማሽን የት ይሳሳታል፣ ናሙና ሲቀላቀል ምን ይመስላል። ላብራቶሪ ውስጥ ጋውን ለብሳችሁ ጥቂት ቀን ቆማችሁ እዩ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

ሁለታችሁም፦ ስታቲስቲክስ። 20,000 ጂን አንድ በአንድ ፈትሻችሁ የፒ ቫልዩን ድንበር 0.05 ብታደርጉ፣ ምንም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ ወደ 1,000 የሚሆኑት በዕድል ብቻ «ልዩነት አላቸው» ብለው ይመጣሉ። ይሄን የማያስተካክል ፕሮፖዛል ዲፌንስ ላይ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል።

5. የመጀመሪያዎቹ ወራት፦ የሌላ ሰው ሥራ ድገሙ

አዲስ ነገር ለመሥራት አትቸኩሉ። ዳታው በነጻ የተለቀቀ አንድ የታተመ ጥናት ምረጡ፣ ከዚያ ጥቂት ናሙናዎችን ብቻ አውርዳችሁ ውጤታቸውን ለማግኘት ሞክሩ። ቲቢን ይዤ ላሳያችሁ።

ፋይሉን ስትከፍቱት እያንዳንዱ ሪድ አራት መስመር ነው። አንደኛው ስም፣ ሁለተኛው ፊደሎቹ፣ ሦስተኛው የመደመር ምልክት፣ አራተኛው ደግሞ ትርጉም የሌለው የሚመስል የምልክት ድርድር። ያ ድርድር የእያንዳንዱ ፊደል የጥራት ነጥብ ነው። 20 ከሆነ ከመቶ አንዴ ይሳሳታል፣ 30 ከሆነ ከሺህ አንዴ። ሪዱ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ነጥቡ ይወርዳል፤ ፋስትኪውሲ የሚባለው ፕሮግራም ይህን በሥዕል ያሳያችኋል። የወረደውን ጫፍ ቁረጡ።

ቀጥሎ ሪዶቹን ኤች37አርቪ ከሚባለው ማመሳከሪያ ጂኖም ጋር ታስተያያላችሁ፤ ከዚያ የሚለያዩበትን ቦታ ታወጣላችሁ። እዚህ ቁጥሩን እዩ። ማመሳከሪያው የአራተኛው ሐረግ አባል ስለሆነ ናሙናችሁ ሰባተኛ ሐረግ ቢሆን በሺህ የሚቆጠር ልዩነት ይጠበቃል። በአሥር ሺዎች ከመጣ ግን ግኝት አይደለም፤ ሌላ ባክቴሪያ ተቀላቅሏል ወይ ፋይል ተሳስቷል። ፒኢ እና ፒፒኢ የሚባሉት ጂኖች ያሉበትን ቦታ አውጡት፤ እርስ በርሳቸው በጣም ስለሚመሳሰሉ አጭር ሪድ እዚያ ላይ ይዋሻል።

አሁን የምወደው ክፍል። አርፖቢ በሚባለው ጂን ላይ 81 ፊደል ብቻ የምትሆን ቁራጭ አለች። ሪፋምፒሲን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ለውጡ እዚያ ነው፤ በተለይ ኮዶን (የሦስት ፊደል ቡድን) 450 ላይ። በየሆስፒታሉ ያለው ጂን ኤክስፐርት ማሽንም የሚያየው ይህችኑ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው በኤክስፐርት «ተቋቋሚ» ተብሎ ከሆነ በእናንተም ውጤት ውስጥ አርፖቢ ላይ ለውጥ መታየት አለበት። አይጂቪ የሚባለውን የጂኖም ማሳያ ፕሮግራም ክፈቱና ቦታውን በዓይናችሁ እዩት፤ ሪዶቹ ተደርድረው ያቺ አንዷ ፊደል ከላይ እስከ ታች በሌላ ቀለም ትታያለች። ካልታየች ወደኋላ ተመለሱ፤ ወይ ናሙናው ተቀያይሯል፣ ወይ ማጣሪያችሁ በዝቶ እውነቱንም አጣርቶ ጥሎታል።

ስለ ብዙ ቦታ የማታውቁትን ከማመናችሁ በፊት በምታውቁት አንድ ቦታ ፈትኑት። ለማንኛውም ርዕስ እንዲህ ዓይነት መፈተኛ ፈልጉ።

6. ሰንጠረዡ፤ እዚህ ነው ጉዱ

ጂኖሙ ያምራል፤ አብሮት የሚመጣው የሕመምተኞች ሰንጠረዥ ግን ሌላ ዓለም ነው። ማንም መማሪያ ስለማይጽፈው ረዘም አደርገዋለሁ።

ቀን። ጤና ጣቢያ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሲስተም ውስጥ ያስገባው ሰው የወሩን ስም ብቻ ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ዓመቱን እንዳለ ሊተወው ይችላል። ጥር 2014 የነበረው ጃንዋሪ 2014 ሆነ፤ እውነቱ ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022 አካባቢ ነው። ስምንት ዓመት! ባክቴሪያው በስንት ጊዜ እንደሚለወጥ እያሰላችሁ የዘር ዛፉን በዘመን ልታስቀምጡ ከሆነ ይሄ ሙሉውን ሥራ ያበላሻል፣ ያውም ምንም ስህተት ሳያሳይ። በየናሙናው ዋናውን ቀን እንደተጻፈ አንድ ዓምድ ላይ፣ የአቆጣጠሩን ዓይነት ሌላ ዓምድ ላይ፣ የተቀየረውን በሦስተኛ ያዙ። ጳጉሜን የተወሰደ ናሙና ካለ ለብቻው ፈትሹት፤ 13ኛ ወር ያየ ሶፍትዌር ወይ ይጥለዋል ወይ ወደማይሆን ቀን ይወስደዋል። ሰዓትም እንደዚያው፤ 3 ሰዓት የተባለው ጠዋት ይሁን ከሰዓት የጻፈውን ሰው ጠይቁ።

የቦታ ስም። አዳማ አንዱ ጋ አዳማ፣ ሌላው ጋ ናዝሬት ነው፤ ጅማ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ሦስት ከተማ አድርጎ ይቆጥረዋል። አንድ የስም ዝርዝር ሠርታችሁ ሁሉንም ወደ እሱ መልሱ።

ኤክሴል። ማርች1 እና ሴፕት2 የሚባሉ የጂን ስሞችን ቀን መስለውት ወደ ቀን ይቀይራቸዋል። ነገሩ በጣም ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ2020 የጂን ስም አውጪዎቹ ራሳቸው ስሞቹን ቀየሩ፤ ኤክሴል አሸነፈ ማለት ነው። የድሮ ፋይል ከሆነ ግን ችግሩ አሁንም ውስጡ አለ።

የሕመምተኛ ስም ግን በምንም ተአምር ላፕቶፓችሁ ላይ አይኑር። ኮድ ብቻ። ስሙን ከኮዱ የሚያገናኘው ወረቀት ተቋሙ ጋ ይቆይ።

7. ፈቃድ

ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለምሠራ አይመለከተኝም አትበሉ። የሰው ናሙና ወይም መረጃ ካለበት፣ ቀድሞ የተሰበሰበም ቢሆን፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማየት አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ዕፅዋት ወይም የአገር በቀል ጀርም ከሆነ የጄኔቲክ ሀብት አዋጁ (ቁጥር 482/1998) ይመጣል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ናሙና ለሲኩዌንሲንግ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ደግሞ የማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል። እነዚህ ወራት ስለሚፈጁ ደረጃ 5ን ስትሠሩ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ «ዛሬ ሂድ ነገ ና» ሳይጀመር።

8. የሳምንቱ አሠራር

ከኮዬ ሰፈረ ሰላም በየቀኑ ታክሲ ሰልፍ ቆማችሁ ፒኤችዲ አይሠራም። የተወሰነ ቀን ግቢ፣ የቀረው ቤት። ግቢ የምትሄዱበት ቀን ለሰው ነው፤ አማካሪ፣ ላቦራቶሪ፣ ጆርናል ክለብ። ኔቱም ግቢ ይሻላልና የሚወርደውን አውርዱ። ቤት ያለው ቀን ለኮድና ለጽሑፍ።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ረጅሙን ሥራ አስነሱ። ጠዋት መጀመሪያ የምታዩት የስህተት መዝገቡን ይሁን፤ ቴሌግራም ይቆያል።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር፤ ውስጡ ጥሬ ዳታ ለብቻው፣ እሱም ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይቻል ሆኖ። ኮዱን በጊት (የፋይል ለውጥን ደረጃ በደረጃ በሚመዘግበው ፕሮግራም) ያዙና ጊትሃብ ላይ አስቀምጡ። ጥሬ ዳታው በውጫዊ ዲስክ ሌላ ቤት ይቀመጥ፤ ዘመድ ቤትም ቢሆን። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ2»፣ «የእውነት የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ካላችሁ ዛሬውኑ ጊትን ተማሩ።

አማካሪያችሁ ዝም ካሉ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ገጽ ላኩላቸው፤ የሠራሁት፣ የተቸገርኩበት፣ የምጠይቀው አንድ ነገር። ጥያቄው በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለስ ይሁን፣ ታክሲ ውስጥ ሆነው በስልክ ይመልሱታል።

9. ፕሮፖዛሉ

እስከ አሁን የሠራችሁት ሁሉ ወደዚህ ይገባል። ከደረጃ 5 ያገኛችሁትን አንድ ሥዕል የመጀመሪያ ውጤት ብላችሁ አስገቡ፤ ገምጋሚ «ይችላል ወይ?» ብሎ እንዳይጠይቅ የሚያደርገው እሱ ነው። የዳታውን መጠን በጊጋባይት፣ የሚፈጀውን ራምና ሰዓት ከሠራችሁት ናሙና ተነስታችሁ በቁጥር ጻፉ። ዓላማው ከሦስት አይብለጥ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ባይሳካም የሚቆም ይሁን።

ስማችሁንም አሁን ወስኑ። ፈረንጆቹ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙ አንዱ ጽሑፍ ላይ በአባት፣ ሌላው ላይ በአያት ስም ከወጣችሁ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። በላቲን የሚጻፍበትን አንድ ዓይነት ምረጡ፣ ኦርኪድ የሚባለውን ነጻ የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ፣ ፕሮፖዛሉ ሽፋን ላይ ከዚያው ጀምራችሁ ጻፉት።